ጠዋት ያልታየችው መኪና

ስለ መኪና አውቃለሁ የሚል ሰው ሲያወራ ስሰማ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው አክብሬው አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ አውቃለሁ እል ስለነበር፣ ማወቄ ያመጣብኝንም ስለማልረሳው ነው። ነገሩ የሆነው ሰቆጣ ነው፤ ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት አልፎታል፣ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ከኔ በላይ ሰው የለም የምልበት ጊዜ ነበር።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰይድ ነው። አባቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ ጨርቅ፣ ጨው፣ ኩራዝ፣ የልብስ ሳሙና ይሸጣል። ዕቃውን ከኮረም የሚያመላልሱለት በቅሎዎች ነበሩት። እኔ ግን ደሴ አክስቴ ቤት ስምንት ወር ተቀምጬ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ተመልሻለሁ። ያችን መንጃ ፈቃድ በሸሚዝ ኪሴ እይዛታለሁ፤ ጫፏ ካልታየ ቅር ይለኛል። ከበቅሎ ነጂዎች ጋር ተቀምጦ ማውራት ተጠይፌ ነበር። የምነዳው ነገር ግን አልነበረኝም። እስቲ አስቡት፤ መኪና የሌለው ሹፌር በቅሎ ያለውን ሰው ሲንቅ።

መኪና የመግዛቱ ሐሳብ ከኔ ትዕቢት የመጣ እንዳይመስላችሁ። የመጣው ከሐዘን ነው። ባለቤቴ ዘይነባ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታምጥ ሁለት ቀን ሙሉ አልሆነላትም። ወልድያ ውሰዷት ተባልን። በምን እንወስዳታለን? የጭነት መኪና ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ያን ሰሞን ቀረ። በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን፤ ልጁ መንገድ ላይ ሞቶ ተወለደ፣ እሷም ለጥቂት ተረፈች። በዓመቱ እንደገና ስታረግዝ አባቴ ጠራኝና፣ «ዳማዋንና ግራጫዋን እንሸጣለን። አንተ ደህና መኪና ፈልግ። ይቺ ልጅ ዳግመኛ በሰው ትከሻ አትሄድም» አለኝ። ሁለቱ በቅሎዎች በግቢው ካለው ሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው ነበሩ።

ደስታዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ጨመረ። «አያ ካሱ ሳያዩዋት ግን አትገዛም።»

አያ ካሱ የደሃና ገበሬ ናቸው፤ ክርስቲያን፣ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ። እሳቸው ያላዩት በቅሎ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። ደንባቸው አንድ ነው፤ ገዢ ሻጩ ቤት ያድራል፣ ጠዋት በቅሎዋ ከተኛችበት ስትነሳ ያያል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምታነክስ በቅሎ ሰውነቷ ሲሞቅ ደህና ትሄዳለች፤ አጭበርባሪ ሻጭም ገዢ ሳይመጣ ዳገት ቁልቁለት አስሩጦ አሙቆ ያቀርባታል። ብርድ ያደረባት ጠዋት ግን ምንም አትደብቅም። ስለዚህ አገር ምድሩ፣ የሸጠም የገዛም፣ በዚህ ደንብ ሳይቀየም ይኖር ነበር። ለመኪና ሲባል ግን ሳቄ መጣ።

መኪናዋን ያገኘሁት ሩቅ ሳልሄድ ነው። ጓድ ደረጀ የሚባል፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውር ደርሶት ሊሄድ ነው። የወተት ቀለም ያላት፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ወንበሯን ካጠፉት ሰው የሚያስተኛ ትንሽ የናፍጣ መኪና አለችው። ቤንዚን በኩፖን በሚሰፈርበት ዘመን ናፍጣ የምትጠጣ ትንሽ መኪና ማግኘት ዕድል ነው ተባለ። የተባለውን ሁሉ የምለው እኔው ነበርኩ።

አያ ካሱን ይዤ ከምሳ በኋላ ሄድን። የሰውየው ቤት ከከተማው ከፍ ብሎ ዳገቱ አፋፍ ላይ ነው። መኪናዋ እንደ ወትሮዋ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ፣ ከጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ተደግፎላት ቆማለች። በረንዳው ላይ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ።

«ጌታው፣ እንደምን ዋሉ» አሉ አያ ካሱ።

ጓድ ደረጀ ሳቀ። «አባት፣ ጌታ የሚባል ተሽሯል እኮ። ጓድ ነው የሚባለው።»

«እሺ ጌታው» አሉና መኪናዋን ይዞሯት ጀመር። እግሮቿን የሚያዩ ይመስል ጎንበስ እያሉ ጎማዎቿን አዩ፤ ቀጥሎ መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ። «አልቧታል» አሉ።

«ምን አሉ አባት?»

«ሞቃለች። ሳንመጣ የት ደርሳ መጣች?»

«አሁን ከመስክ መግባቴ ነው። ሥራ መቼ ያሳርፋል።»

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ነበርኩ። ስትመጣ አላየኋትም» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፣ ያዩትን መናገራቸው ነው። «ድንጋዩስ? ሁልጊዜ ቁልቁል የምትቆመው ለምንድነው?»

ሰውየው ወደኔ ዞረና፣ አዋቂ ለአዋቂ እንደሚነጋገር፣ «ሞተሩ ንፋስ እንዲያገኝ ነዋ» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ይኸው፣ መንጃ ፈቃድ በኪሴ ይዤ፣ ደሴ ስምንት ወር ተቀምጬ፣ ቁልቁል የቆመ ሞተር ንፋስ ያገኛል ሲሉኝ ነቀነቅኩ። አያ ካሱ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም።

ቁልፉን ሰጠኝ። ገና ስነካት ተነሳች። ገበያው ድረስ ወርጄ ተመለስኩ፤ ዳገቱን ያለ ማቅማማት ወጣችው፣ ማርሿ ይገባል፣ ፍሬኗ ይይዛል። ስወርድ ያዩኝን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። ተመልሼ ስቆም ጉዳዩ በኔ በኩል አልቆ ነበር።

«ጥሩ ትሄዳለች» አሉ አያ ካሱ። «እንግዲህ እዚሁ እናድራለን።»

«ምን ልታደርጉ?» አለ ጓድ ደረጀ።

«ጠዋት ስትነሳ ልናያት።»

በረንዳው ላይ ካርታው ቆመ። አንዱ፣ «ጭድ እናቅርብላት ወይስ ገብስ ትበላለች?» አለ። ሌላው፣ «ጥርሷንም ይዩላት እንጂ» አለና ሁሉም ተንከተከቱ። ጓድ ደረጀም ሳቀ፤ አሁን ሳስበው ግን ከሁሉም ቀድሞ ሳቁን ያቆመው እሱ ነበር። እኔ ፊቴ ነደደ። ያሳቀቀኝ ስድቡ አይደለም፤ ከእኚህ ገበሬ ጋር አብረው ቆጥረውኝ መሳቃቸው ነው። የአያ ካሱን እጅ ይዤ ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

«አያ ካሱ፣ ብረት ነው እኮ። ብረት አያነክስም።»

«እኔ ብረት አላውቅም» አሉ። «ሻጭ ግን አውቃለሁ።»

«ሰው ፊት አሳፈሩኝ።»

«እንግዲያው ለአባትህ ስትሄድ አይቻታለሁ እለዋለሁ። ስትነሳ አላየኋትም እለዋለሁ።»

«እኔ እነግርልዎታለሁ። ይመሽብዎታል፣ በጊዜ ወደ ደሃና ይሂዱ» አልኳቸው። የልጃቸው እኩያ ነኝ፤ እንግዳ ከቤቱ እንደሚያባርር ሰው አሰናበትኳቸው። ዱላቸውን አንስተው ቁልቁል ወረዱ። እኔ ወደ በረንዳው ተመለስኩና ከሳቁት ጋር ሳቅኩ። ይህን ብደብቃችሁ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ስቄያለሁ።

ማታ አባቴ፣ «አያ ካሱ ምን አሉ?» ሲለኝ፣ «አይተዋታል፣ ጥሩ ትሄዳለች ብለዋል» አልኩት። አንዲት የውሸት ቃል የለበትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በነጋታው ሁለቱ በቅሎዎች ሲወጡ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ወደ ውስጥ ገባ። መኪናዋ የኛ ሆነች። ጓድ ደረጀ ሲሰናበተኝ ምክር ሰጠኝ። «ጠዋት ጠዋት አትቀስቅሳት። ናፍጣ ፀሐይ ይወዳል።» እኔም ይህን ለሰቆጣ ሰው ሁሉ አስተማርኩ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ናፍጣ ፀሐይ ይወዳል እላለሁ፤ ሰዉም አፉን ከፍቶ ይሰማኛል።

ሦስት ሳምንት ቀን ቀን ብቻ ነዳኋት። ሰው እየነካ እንዳያቆሽሻት ብዬ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ አስነጥፌ መጠለያ ሠራሁላት፤ ውሃ ቢደፋበት የማይፈስ ሜዳ አደረግኩት። ግቢያችን ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ዳገት ነው። ቁልቁል የሚባል ነገር በአጠገቡ የለም።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዘይነባ ጠራችኝ። ምጡ ጀምሯታል። እናቴ ቀድማ ተነስታ ጨርቁን ሁሉ አዘጋጅታለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ለዚህች ቀን ነው የተገዛችው፣ ዛሬ ሰው ያየኛል አልኩ። የኋላውን በር ከፍተን ፍራሽ አነጠፍን። ዘይነባን ደግፈን አስተኛናት።

«ሰይዶ፣ ትደርሳለች አይደል?» አለችኝ።

«ምሳ ወልድያ ነው የምንበላው» አልኳት።

ቁልፉን አዞርኩ። አቃሰተች። ደግሜ አዞርኩ። አቃሰተችና ዝም አለች። ትንሽ ጭስ እንኳ አልወጣም። ናፍጣ ፀሐይ ይወዳል ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ፀሐይ ገና አልወጣችም። እንደ እብድ ደጋገምኩት። በመጨረሻ ባትሪው ራሱ ሞተ፤ ቁልፉ ሲዞር ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ያስተማርኳቸው ሁሉ መጡ፤ አሁን ሁሉም አዋቂ ናቸው። አንዱ ዘይቱ ረግቶ ነው ይላል። አንዱ ከሥሯ እሳት አንድዱላት ይላል፤ ሚስቴ ውስጧ ተኝታ። አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል። ሲገፏት በሜዳው ላይ ትሄድና ዳገቱ ሥር ስትደርስ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ዘይነባ በተንገላታች ቁጥር ከንፈሯን ነክሳ ታቃስታለች። እናቴ፣ «ሰይድ፣ አንድ ነገር በል» አለችኝ። እኔ ቁልፉን እንደገና አዞርኩ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። የደሃና ሰዎች አህያ ጭነው ይገቡ ጀመር፤ ከመሃላቸው አያ ካሱ ነበሩ። በራችን ላይ ሰው ሲያዩ አህያቸውን ለሰው ትተው ገቡ። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። መኪናዋን አዩ፣ ተኝታ የምታቃስተውን ዘይነባን አዩ፣ እኔን አዩ። «ወዴት ነው መድረስ ያለባት?» አሉ።

«ዳገቱ ጫፍ» አልኩ። «ከዚያ ቁልቁል ስትንከባለል ትነሳለች።»

ይህንን ስናገር ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሰውየው ለምን ቁልቁል እንደሚያቆማት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያ ካሱም የገባኝ መሆኑን አዩ፤ ፊታቸውን መለሱ።

ከአህዮቹ ላይ ጭነት አስወረዱ፤ የጭነቱን ጠፍር አቀጣጥለው መኪናዋ ላይ አሰሩ። ገብስ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ገብሳቸውን መሬት ላይ ትተው ጎተቱ። ከኋላ የኛ ሰፈር ሰዎች ገፉ። አንድ ክንድ ሄደን እንቆማለን፣ ድንጋይ እንደግፋለን፣ እንደገና አንድ ክንድ። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ለቀቅናት፤ ተንከባለለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች። ሰዉ እልል አለ። እኔ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። አያ ካሱ ሳይጋበዙ ከጎኔ ገብተው ተቀመጡ፤ እናቴ ከዘይነባ ጋር ከኋላ ናት።

ከሰቆጣ ከወጣን ሩቅ አልሄድንም። ሜዳማ ቦታ ላይ አንዲት ባልቴት ከብት ይነዳሉ፤ ከብቶቹ መንገዱን ሞሉት። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬን መያዝ እንኳ ነውር አይደለም፤ በችኮላ ግን ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለ፤ ባትሪውን ጠዋት ግቢ ውስጥ ጨርሼዋለሁ። እኔና አያ ካሱ ወርደን ገፋን። ሜዳው አፈር ነው፣ ጎማዋ ይሰምጣል። እስኪያልበን ገፋን፤ አልሆነም።

ከኋላ ዘይነባ ጮኸች። እናቴ፣ «አትግፉ፣ እዚሁ ነው» አለች።

ባልቴቷ ከብታቸውን ትተው መጡ፣ ነጠላቸውን አውልቀው በተከፈተው የኋላ በር ላይ ጋረዱ። እኔና አያ ካሱ ከፊት ሄደን ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም። የማውቀው ፀሐይዋ አናቴ ላይ መድረሷን ብቻ ነው።

«አያ ካሱ፣ ይስደቡኝ» አልኳቸው።

«አሁን ለሱ ጊዜ የለንም። አንተ አላህህን ለምነው፣ እኔም የኔን እለምናለሁ።»

ጎን ለጎን ቆመን ለመንን። ከኋላ ያለው ድምፅ በድንገት ጸጥ አለ። እናቴ አትናገርም። ባልቴቷ አይናገሩም። ጸጥታው ሲረዝም ያኛው ልጅ ታወሰኝ፣ ቃሬዛው ታወሰኝ፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ቆየት ብሎ ከረር ያለ ለቅሶ ሆነ። አያ ካሱ አማተቡ። ወንድ ልጅ ነበር፤ ኑሩ አልነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም፤ የዘይነባ ደም አልቆም አለ። አላህ ሲያመጣው ከሰቆጣ የወጣ የጭነት መኪና ደረሰልን፤ እህል ላይ አስተኝተናት ወልድያ አስገባናት። ያቺን መኪና ሜዳው ላይ በሯ እንደተከፈተ ትተናት ሄድን። በኋላ አንድ የወልድያ መካኒክ አይቷት ነገረኝ፤ በብርድ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ሁሉም ተቃጥለዋል፣ ሞተሩም ራሱ ደክሟል፣ ካልሞቀ አይነሳም። «ይህን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም ነበር» አለኝ። «አንድ ጠዋት ብታያት ይበቃል።»

ዘይነባ ዳነች። ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ ልጅ አትወልድም አለን። ይህን በነገሯት ማግስት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጠየቀችኝ። እሷ በኛ ቤት ስንት በቅሎ ሲገዛ አይታለች፣ ደንቡን ታውቀዋለች።

«አያ ካሱ እዚያ ሰውዬ ቤት አድረው ነበር?»

«አላደሩም።»

«ለምን?»

መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም። «አፍሬ ነው» አልኳት።

«በማን ፊት?»

ካርታ በሚጫወቱ ሰዎች ፊት። እንዲህ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። የአንዳቸውን ስም እንኳ አላውቀውም ነበር። እሷም ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እናንተ አንባቢዎች፣ ከዚህ ሁሉ መኪና ስትገዙ ጠዋት እዩ የሚል ምክር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አልቀየምም፤ እሱም ምክር ነው። ጓድ ደረጀን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ፤ ሰው ሊሞትባት የምትችል መኪና አሙቆ የሸጠ ሰው ነው። ግን እሱ የማያውቃቸውን ሰዎች ነው ያታለለው። ሚስቴ ምን እንደምትጠብቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ብቻ፣ ሲሳቅብኝ ማደር ከበደኝ። ለማያውቁኝ ሰዎች ሳቅ ብዬ የሚወዱኝን ሰዎች ማመን ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ማፈር ሲመጣብኝ በማን ፊት ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያሳፍራል።

አያ ካሱን ደሃና ድረስ በእግሬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝና ስለ ገብሱ አወሩልኝ፤ ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። መኪናዋንስ የቀበሌ ሰዎች ለሥራ ትፈለጋለች ብለው ወሰዷት፤ ሳምንት ሳይሞላ እየገፉ አምጥተው መለሱልን።

ኑሩ አሁን ትልቅ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ተወለድኩ እያለ ሲኮራ ነው ያደገው። ሰርግም ይሁን ድግስ፣ ሰው ሲሰበሰብ «አባባ፣ እስቲ ያቺን ታሪክ» ይለኛል። እኔም አወራለሁ፤ ስለ ውርጩ፣ አህያ አራግፈው ስለጎተቱት ሰዎች፣ ስለ ባልቴቷ ከብቶች። በረንዳውን ግን እዘለዋለሁ። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ዘይነባ ታሪኩን ስጀምር ቀስ ብላ ተነስታ ትወጣለች፣ ስጨርስ ትመለሳለች። ወዴት ሄድሽ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።